ለውዱእ የተጸየፍኩት ውሃ

አሠልጣኙን መጀመሪያ ያየሁት ለልጄ የቀቀልኩትን እንቁላል ሲበላ ነው። ሦስት እንቁላል ነበር። ሁለቱን ዋጠ፤ የሦስተኛውን ነጩን በልቶ አስኳሉን ለልጄ ተወለትና ጉልበት ያለው እዚህ ውስጥ ነው አለው፣ ጢሙ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ በምላሱ እየፈለገ። እስከ ዛሬ እንቁላል ስቀቅል ያ ጢም ይመጣብኛል።

ጊዜው የደርግ ነው። ከዱብቲ ወዲያ፣ አንድ የጥጥ እርሻ ሰፈር ውስጥ ሻይ ቤት ነበረኝ። ከወሎ የመጣሁት ከባለቤቴ ጋር ነው፤ እሱን ወባ ወሰደብኝ። ትልቁን ልጄን ደግሞ ብሔራዊ ውትድርና ብለው ወደ ሰሜን ወሰዱት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ደብዳቤ አልመጣችም። የቀረኝ ትንሹ ነበር፤ እሱም አሥራ ስምንት ሊሞላው ነው። የቀበሌ ሰው ሻይ ልጠጣ ብሎ ሲገባ ሻዩን ከብርጭቆው አልፌ ሳህኑ ላይ እቀዳው ነበር።

በዚህ መሀል ነው አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣው። አዋሽ ከተማ ላይ ለበዓል ውድድር አለ ተባለ። ተወዳዳሪው ሳያርፍ ይዋኛል፣ ከውሃ ወጥቶ ረጅም መንገድ ቢስክሌት ይነዳል፣ ከቢስክሌት ወርዶ ደግሞ ይሮጣል። የሰማ ሁሉ ሳቀ። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ታዲያ ሲጨርስ ጥጥ ይለቅማላ፣ ብሎ ቤቱን አሳቀው። እኔ አልሳቅሁም። ስሙ በእሱ ዝርዝር ላይ ያለ ልጅ ለውትድርና እንደማይጠራ አሠልጣኙ ነግሮኝ ነበር። ከሰፈራችን ደህና የሚዋኘው የእኔ ልጅ ነበር። በዚያ ዝርዝር ላይ ተጻፈ፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሥራ ለእኔም ተሰጠኝ። አሠልጣኙ ዋና አይችልም። ማንም አልነገረኝም፤ ጫማው እንዳይረጥብ ጥጡን ከሚያጠጣው ትልቅ ቦይ ጫፍ ርቆ ሲቆም ነው ያወቅሁት። ስለዚህ ልጄ ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰራል፣ ሌላውን ጫፍ እኔ ይዤ በቦዩ ዳር እሮጣለሁ፣ አሠልጣኙ ጥላ ሥር ሆኖ ፊሽካ ይነፋል። ቢስክሌቱ ሲሆን ደግሞ ከሎግያ ወደ ዲቾቶ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ዛሬ ሰመራ የተሠራችበትን ያኔ ድንጋይና ንፋስ ብቻ የነበረውን ሜዳ አቋርጦ፣ ልጄ ሲነዳ እሱ በፒካፕ ይከተለዋል። እግሩን በመስኮት አውጥቶ ጫት እየተፋ። ለልጄ ያስያዝኩትን ውሃ እሱ ጠጥቶት ባዶውን ጀሪካን ይመልስልኛል። አፉ የነካውን የጀሪካን አፍ በአመድ አሽቼ አጥበው ነበር።

ይህን ሁሉ ቻልኩ። ያልቻልኩት የቦዩን ውሃ ነው።

አውሮፕላን ጥጡ ላይ ፀረ ተባይ በረጨ ቀን ከሰፈራችን ሴት አንዷም ከቦዩ አትቀዳም። ቀድመን በርሜል እንሞላለን። ውሃው እንደ ናፍጣ ይሸታል፣ ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። እንኳን ልጠጣው ለውዱእ እግሬን አልነክርበትም። አሠልጣኙ ግን በዚያው ቀን ፊሽካውን ነፋ። ዛሬ ይቅር ብዬ ለመንኩት።

«እናት፣ ይኼ የሚገድለው ተባይ ነው» አለኝ። «ልጅሽ ተባይ ነው እንዴ?»

አብረውት የቆሙት ሳቁ። እኔም ፈርቼ ሳቅሁ። አዎ፣ ሳቅሁ። ልጄም ገባ።

ሲወጣ ዓይኑ በርበሬ የገባበት መስሎ ነበር። ቤት ስንደርስ አስመለሰው፣ ጀርባውም ቀልቶ አበጠ። ለውዱእ ባስቀመጥኩት የበርሜል ውሃ በሳሙና ደጋግሜ አጠብኩት። በተረፈችው ውዱእ አድርጌ መስገጃዬ ላይ ቆምኩ፤ እጄን ወደ ፊቴ ሳነሣ መዳፌ ቦዩን ቦዩን ሸተተኝ። ለእግሬ የተጸየፍኩትን ውሃ ልጄን ከነዓይኑ ከነአፉ አስገባሁበት። ያን ቀን ከአሠልጣኙ ይልቅ ራሴን ተጸየፍኩ። ሶላቴን እንዴት እንደጨረስኩ አላውቅም።

ውድድሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው አውሮፕላኑ ጠዋት መጥቶ ሄደ። አሠልጣኙ ከሰዓት በኋላ ጠራን። ገመዱን ከልጄ ወገብ ካሰርኩ በኋላ አንድ ጣሳ ከቦዩ ቀዳሁና አቀረብኩለት።

«ጓድ አሠልጣኝ፣ እርስዎ ይጉመጥመጡበት፤ ከዚያ ልጄ ይገባል።»

የቀን ሠራተኞቹ ከማሳው ቀና ብለው ያዩት ጀመር። ጣሳውን ተቀበለኝ፤ ወደ አፉ አስጠጋ፤ አፍንጫው ተሸበሸበ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ከጫማው አርቆ ደፋው። ወደ ልጄ ዞሮ ፊሽካውን ነፋ። ልጄ እናቴን ያስሩብኛል ብሎ ፈርቶ ነው መሰለኝ ዘሎ ገባ።

ገመዱን ሳብኩ። በሬ እንደሚጎትት ሰው ተረከዜን ጭቃው ውስጥ ተክዬ ሳብኩ።

«እማ፣ ተይ፣ ስሜን ይሰርዘዋል» አለኝ ከውሃው ውስጥ።

«ይሰርዘው።»

አሠልጣኙ ወረቀቱን አወጣ፣ እርሳሱን በምላሱ አርሶ ሰረዘው።

በዚያኑ ቀን፣ ሻይ ቤቴ ወተት የምታመጣልኝ የአፋር ሴት ወንድሟን ጠራችልኝ። ልጄ ሽርጥ ታጥቆ ከግመሎቹ ጋር ወደ ድንበሩ፣ ወደ አፋምቦ ሄደ። ዘወር ብሎ እንዳያየኝ እኔው ነኝ የነገርኩት። በሦስተኛው ቀን ቀበሌዎች መጡ፤ ወሎ ዘመድ ጋ ሄዷል አልኩ። አራት ቀን አሰሩኝ፤ ሌላ ቃል ከአፌ አላወጡም። ውድድሩ ተደርጎ እንደሆነ ሰው አልጠየቅሁም።

ልጄ የተመለሰው ደርግ ሲወድቅ ነው፤ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ አፋርኛ እየተናገረ። አልሐምዱሊላህ። ትልቁ አልተመለሰም።

አሁን ሰመራ ከትንሹ ልጄ ጋር ነው የምኖረው። ውሃው በቧንቧ ይመጣል። ለውዱእ ስቀመጥ መጀመሪያ ውሃውን በእፍኜ ይዤ አሸተዋለሁ። የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። ልጄ ግን አይስቅም፤ እሱም ያሸታል።