የኦቦ ቱፋን ፊት ፍለጋ ወደ ኮዬ ፈጬ

ሳሪስ አቦ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

ከሳሪስ እስከ ኮዬ ፈጬ ደግሞ ጉዞ ይባላል ወይ የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ታክሲው፣ ጋሪውና የእግሩ መንገድ ተደምሮ ግማሽ ቀን አይፈጅም። እኔ ግን ከዚያ የከበደ መንገድ ሄጄ አላውቅም። የተነሳሁት የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ፎቶ ላነሳ ነበር።

ሙያዬ ብየዳ ነው። በርና መስኮት እሠራለሁ፤ ከሚተርፈው ቁርጥራጭ ብረት ደግሞ ወፍ፣ በሬ፣ ሸክም ያጎበጠው ሰው እያልኩ ቅርጽ አወጣለሁ። ከዚህ ጉዞ ሁለት ዓመት በፊት፣ ከአባቷ የወረሰችውን ፎቶ ቤት እዚሁ ሳሪስ አቦ የምታስተዳድረው ትዕግሥት አንዱን በሬዬን ፎቶ አነሳችው። ፎቶውን ሳየው ደነገጥኩ። በሬውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ግድግዳው ላይ የጣለውን ጥላ ግን አይቼው አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ ሸፈተ። ማታ ማታ ሱቋ እየሄድኩ የራሴን ብረቶች ማንሳት ተማርኩ። ውሎ አድሮ የእኔን ብረትና የእሷን ፎቶ አንድ አዳራሽ ውስጥ አብረን ልናሳይ ተስማማን።

ኦቦ ቱፋ የኮዬ ገበሬ ናቸው። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ማረሻቸውን አቃቂ ወዳለው ሱቄ አምጥተው ያስሉ ነበር። በጉዞው ዓመት ግን ያለ ወቅቱ፣ በታኅሣሥ መጡና ማረሻውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«አይሳልም» አሉኝ። «መሬቱ ላይ ፎቅ ሊሠራ ነው። ብረቱን ውሰደው፣ የፈለግከውን ሥራበት። አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ፤ ሳርስ ፎቶ አንሳኝ። ሚስቴ ፎቶ ሳትነሳ ሞተች። አሁን ልጄ የእናቴ ፊት ጠፋብኝ እያለች ታለቅሳለች። እኔም እንደዚያ መጥፋት አልፈልግም።»

ትዕግሥት ያን ጠዋት ካሜራውን ስትሰጠኝ ሦስት እግር ያለውን ማስቆሚያም አብራ ዘረጋችልኝ።

«ይሄንንም ያዝ፣ ጋሼ። እስከ ዛሬ ያለሱ አንስተህ አታውቅም እኮ። ወይ እኔ ልምጣ።»

«ገበሬ ማሳ ላይ ሦስት እግር ገትሬ ቀያሽ ልምሰል?» አልኳት። «በድንጋይ ነው የሚያባርሩኝ።»

ይህ እውነት ነበር፤ ግን ሙሉውን አልነገርኳትም። አንድ ጊዜ እንኳ ያለ እሷ እጅ፣ የእኔ ብቻ የሆነ ፎቶ እንዲኖረኝ ፈልጌ ነበር።

አቃቂ በሰቃ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

ከሳሪስ ቃሊቲ ሁለት ብር፣ ከቃሊቲ አቃቂ ሌላ ሁለት ብር ከፈልኩ። ረዳቱ ጉልበቴ ላይ አንዲት ሴትዮ የጫነችውን የጎመን ከረጢት አስቀምጦብኝ ስለነበር ካሜራውን ብብቴ ውስጥ ሸሽጌ ነው የተጓዝኩት።

በሰቃ ስደርስ ከሱቄ አጠገብ ሚስማርና ማጠፊያ የሚሸጠው የስልጤው ከሚል ሻይና ቦምቦሊኖ አዘዘልኝ። ከሚል መቀለድ ይወዳል። እኔ ስበይድ አንድ እጄ ብረቱን፣ አንዱ ደግሞ መበየጃውን ስለሚይዝ ከብልጭታው የሚከልለኝን ማስክ ፊቴ ላይ የማወርደው በእጄ አይደለም፤ አንገቴን ወደ ታች ነቅነቅ አደርግና ዱብ ይላል። ሃያ ዓመት እንደዚያ ነው የሠራሁት።

«ደሴ እኮ ለብረት ሁሉ እጅ የሚነሳ ሰው ነው» ይላል ከሚል። ያን ቀንም ካሜራውን ሲያይ «ዛሬስ ለማን ልትሰግድ ነው?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ኮዬ ፈጬ፣ ረፋድ ላይ

ከአቃቂ በጋሪ ወጥቼ የመጨረሻውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ጤፉ ታጭዷል። ገለባው መሃል አናታቸው ቀይ ቀለም የተቀባ ችካሎች በተርታ ተተክለዋል። ጥቁሩ መሬት ተሰነጣጥቆ ስለነበር እግሬ እየገባ ሁለት ጊዜ ተደናቀፍኩ።

ኦቦ ቱፋ ከሩቅ አይተውኝ «አካም ቡልቴ፣ ደሴ!» እያሉ መጡ። ከጎረቤት ማረሻ ተውሰው በሬዎቹን ጠምደዋል። የበዓል ነጭ ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ ጢማቸው ተላጭቷል። ልጃቸው ጫልቱ በእንጨት ሳህን ጭኮ አቀረበችልኝ። ቅቤው ከበሶው ጋር ተዋህዶ ጉሮሮ ላይ አይቆይም።

«በነጭ ልብስ ያርሳሉ እንዴ?» አልኳቸው።

«ዘር አይደለም የምዘራው። ራሴን ነው።»

እርፉን ይዘው በችካሎቹ መሃል ሁለት ትልም አወጡ። አስራ ሁለት ጊዜ አነሳኋቸው። ከፊት፣ ከጎን፣ ከበሬዎቹ ጋር፣ ብቻቸውን። በመጨረሻ ላባቸውን ጠርገው ጠየቁኝ።

«ፊቴ በደንብ ይታያል?»

«እንደ መስተዋት ነው የሚታየው፣ ኦቦ ቱፋ።»

ይህን ስናገር ቅንጣት አልተጠራጠርኩም። በማረሻቸው ብረት ለፎቶው ፍሬም ሠርቼ እንደማመጣ ቃል ገባሁላቸውና ተመለስኩ። ጋሪው ላይ እንደ ሙሽራ ደስ ብሎኝ ነበር።

ፎቶ ቤቱ

ትዕግሥት ፊልሙን አጥባ ስትጨርስ ቀና ብላ አላየችኝም።

«ጋሼ፣ ና እስቲ እየው።»

አስራ ሁለቱም ላይ ኦቦ ቱፋ ከአንገታቸው በታች ናቸው። ነጭ ልብሳቸው አለ፣ እርፉን የጨበጡ እጆቻቸው አሉ፣ የተሰነጠቀው ተረከዛቸው ሳይቀር አለ። ጭንቅላት የለም። ካሜራው ተበላሽቷል አልኳት። ባዶውን ካሜራ ሰጠችኝና «እኔን አንሳኝ» ብላ ፊት ለፊቴ ቆመች። ዓይኔን አስጠግቼ ልጫን ስል ጮኸች።

«አንገትህ! ከመጫንህ በፊት ነቀነቅክ!»

ለካ እጄ ቁልፉ ላይ ሲያርፍ አንገቴ የሌለውን ማስክ ያወርድ ኖሯል። ብልጭታ ሊመጣ ነው ብሎ የለመደውን አደረገ፤ ዓይኔ ላይ ያለው ካሜራም አብሮ ወደ ታች ዘቀዘቀ። ሱቅ ውስጥ ካሜራው በማስቆሚያው ላይ ስለሚውል ሁለት ዓመት ሙሉ አልታወቀንም።

«ግድ የለም፣ ነገ አብረን ሄደን እናነሳቸዋለን» አለችኝ። እኔ ግን የጀመርኩት የአንድ ሰው በር ነበረና ሳምንት ላሳልፍ አልኩ። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው እያልኩ ሰውን የምመክር ሰው ነኝ። ፍሬሙንም በዚያው ሳምንት በየድኩት። በሩን ያስረከብኩ ቀን የኮዬው ባለጋሪ ሱቄ በር ላይ ቆመና «ኦቦ ቱፋ ሐሙስ ተቀበሩ፣ ደረታቸውን አሟቸው ነበር» ብሎኝ አለፈ።

ሁለተኛው መንገድ

እሑድ ከትዕግሥት ጋር ሄድን። ያው ታክሲ፣ ያው ሁለት ሁለት ብር፣ ያው ጋሪ። ፍሬሙ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ነበር፤ እንደዚያ የከበደ ብረት ይዤ አላውቅም። ትዕግሥት ሙሉ መንገድ አንዲት ቃል አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ለቅሶ ቤቱ ሰው አልጎደለበትም። ጫልቱ ጥቁር ለብሳ ወጣችና ፎቶዎቹን ተቀበለችኝ። አንድ በአንድ አየቻቸው። ጨርሳ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

«ፊቱ የታለ?»

ስለ ማስኩ፣ ስለ አንገቴ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ሐዘንተኛ ፊት ምኑ ይወራል! «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ብቻ አልኳት። አልተቆጣችም። የምትይዘው አጥታ ፎቶዎቹን ደረቷ ላይ አስደግፋ ቆመች።

ትዕግሥት ቀስ ብላ ተጠጋቻት። «መታወቂያ የላቸውም? ከእሱ ላይ አንስቼ አሳድገዋለሁ።»

መታወቂያው መጣ። የጥፍር ያህል ፎቶ ናት፤ ሐምራዊው ማህተም ከአገጫቸው እስከ ግራ ዓይናቸው ወጥቶባታል።

«ማህተሙ አይለቅም?» አለች ጫልቱ።

«አይለቅም፣ እህቴ። ፊታቸውንም ይዞት ይነሳል።»

ትዕግሥት መታወቂያውን ደጅ ብርሃን ላይ አድርጋ አነሳችው። ልንሄድ ስንል ጫልቱ ጠራችን።

«እናቴ ፊት የላትም። አባቴም ከነማህተሙ ነው የቀረኝ። እኔን አንሱኝ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አንተ ታነሳለህ?» አለች። ካሜራው አንገቴ ላይ ነበር። አውጥቼ ለትዕግሥት ሰጠኋት። ሐዘንተኛዋ የቆመችው ጣሪያው ጥላ ሥር ስለነበር ፊቷ ጨልሟል። ከድንኳኑ አንድ የኒኬል ትሪ ወሰድኩና ፀሐዩን እያንሸራተትኩ ጉንጯ ላይ መለስኩላት። ብረት ብርሃንን ወዴት እንደሚልክ አውቃለሁ፤ የማውቀው ሥራ ይህ ነበር። ትዕግሥት «እዚያው፣ ጋሼ፣ እዚያው ያዘው» አለችኝ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ተጫነ። በሁለቱም አንገቴ ነቅነቅ አለ፤ በዚህኛው ግን የማንም ፊት አልተቆረጠም። ለአባቷም እንዲህ አብረን መቆም ነበረብን እያልኩ ትሪውን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

ማታ ፍሬሙን መልሰን ይዘን ሳሪስ ገባን። በሳምንቱ ትዕግሥት የመታወቂያውን ፎቶ አሳድጋ ከላይ፣ እርፍ የያዙትን እጆች ከታች አድርጋ በማረሻው ፍሬም ውስጥ አስገባቻቸውና ለጫልቱ ላክንላት። አንገቱ ጋ ሁለት ጣት የሚሆን ባዶ ቦታ ቀርቷል። ፍሬሙን የለካሁት ለአንድ ሙሉ ሰው ነበር።

ካሜራ አልተውኩም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ብቻዬን ይዤው አልወጣም። ከጉዞው የተረፈኝ ትምህርት ይኸው ነው፤ የተማርኩት ግን በእሳቸው ኪሳራ ነው። ለዓመታት ሱቄ ድረስ እየመጡ ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሰው ነበሩ። ዛሬ ፊታቸውን ላስታውስ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ እጃቸው ነው።