ከአርዲቦ ማዶ

አሁን በምኖርበት ኮንዶሚኒየም አንዲት ጎረቤቴ ማታ ማታ ልጇን ከበረንዳ ስትጠራ እጆቿን አፏ ዙሪያ ትሰበስባለች። ድምጿን ስሰማ በእጄ የያዝኩትን አስቀምጣለሁ።

የእኛ ቤት አርዲቦ ሐይቅ ዳር፣ ከሌላው ቤት ርቆ ብቻውን ነበር። ታላቅ እህቴ የተዳረችው ከሐይቁ ማዶ ነው። ንጋት ላይ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ከወዲህ የተጠራ ከወዲያ ይሰማል። አባቴ እርጥብ ደንገል በሚሸትበት ዳር ይቆምና የእህቴን አማት፣ ቀልደኛውን ሽማግሌ፣ ይጠራ ነበር።

«አማቼ፣ ልጅህ ወጥ ታቀጥናለች» ይላሉ ሽማግሌው ከማዶ።

«ቅቤ ነፍጋችኋት ነዋ» ይላል አባቴ።

እናቴ እየሳቀች «ኧረ ተው፣ አገር ይሰማሃል» ትለዋለች።

ጦርነቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ ስልክ ጠፋ። እህቴ የመውለጃዋ ወር ነበር። ጤና ጣቢያው ተዘግቷል፤ ታጣቂዎች ዳገቱን ስለያዙት በዳሩ መንገድ ደፍሮ የሚሄድ አልነበረም። ከሐይቅ ከተማ በኩል ተኩስ ሲበዛ አባቴ መጣራቱን ተወ። እናቴ ግን ሱብሂ ሰግዳ ትወጣና ውሃውን ታዳምጥ ነበር።

አንድ ንጋት የሽማግሌው ድምፅ መጣ።

«አማቼ፣ ወንድ ነው። ልጁ ደህና ነው።»

እናቴ «አልሃምዱሊላህ» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ያ ልጅ ዛሬ እናቴን ነው «እማ» የሚላት።

«እሷስ?» አለ አባቴ።

አባቴ እጆቹን አፉ ዙሪያ ሰብስቦ ደግሞ ጠራ።

«እሷስ እንዴት ናት?»

ጉሙ ሲገፈፍ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው በዳሩ መንገድ ወደ እኛ ሲመጣ አየን። በአካሄዳቸው አወቅናቸው፤ የእህቴ አማት ነበሩ። በእኛ አገር ልደት በውሃ ላይ ይጠራል፤ የጠፋ ከብትም ይጠራል። ሞት ግን አይጠራም። ሰው በእግሩ ይዞት ይመጣል፤ ቤት ገብቶ፣ ተቀምጦ ይናገረዋል።

ማልቀስ ስጀምር እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ዝም በይ» አለች ቀስ ብላ። «እስኪደርሱ ድረስ ልጄ አለች።»

ከዚያ ቤት ገባች። ለአራሷ አጥሚት ያስፈጨችውን የአጃ ዱቄት አውርዳ መንፋት ጀመረች። የወንፊቱ ድምፅ ደጅ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

ሽማግሌው መንገዱን ካጋመሱ በኋላ አንድ የሾላ ዛፍ ስር ቆሙ። ቀጥሎ ተቀመጡ። አባቴ ሊጠራቸው ይችል ነበር፤ አልጠራም። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ያያቸው ነበር።

«ደረሱ?» አለች እናቴ ከውስጥ።

«ገና ናቸው። አረፍ ብለዋል» አልኳት።

«ይረፉ» አለችና መንፋቷን ቀጠለች።