አባቴን አፈናጥጬ የወረድኩት ቁልቁለት

መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ ተመድቤ ሥራ ስጀምር ከመሥሪያ ቤቱ የተረከብኩት የክትባት ሳጥንና አንድ ቀይ ሞተር ነበር። ሥራዬ የእንስሳት ጤና ነው። የመንዝ በግ ከተማ ድረስ መጥቶ አይከተብም፤ ያለበት ድረስ መሄድ ግድ ነው። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ እንኳን ሞተር፣ ብስክሌትም በቅጡ አልነዳም።

ያስተማሩኝ በሥራው ላይ ረጅም ዘመን የቆዩ ባልደረባዬ ናቸው፤ ጋሼ እላቸው ነበር። መጀመሪያ ኳስ ሜዳው ላይ አዞሩኝ። ማርሽና ፍሪሲዮን ስለምድ ጠጠር መንገድ ላይ ይዘውኝ ወጡ፤ እሳቸው በራሳቸው ሞተር ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ኩርባ በደረስን ቁጥር ቆመው ይጠብቁኛል።

“ፍጥነትሽን ኩርባው ውስጥ ሳትገቢ ጨርሺው” ይሉኛል። “ከገባሽ በኋላ ፍሬን የሚባል ነገር እርሺ። ጠጠር ላይ የፊቱን ፍሬን ጨምድደሽ ከያዝሽ መሬት ላይ ነሽ። ዓይንሽ ደግሞ ገደሉን አይይ፤ የምትወጪበትን ይይ።”

ይህን ቶሎ ያዝኩ። ያስቸገረኝ ፍጥነት ነው። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ጉሙ ተገፎ የጓሳ ሜዳ ወለል ብሎ ሲታየኝ፣ መንገዱም ቀጥ ያለ ነበርና ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሰጠሁት። ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ያፏጫል። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ድንገት መሪው ግራና ቀኝ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አጥብቄ ስይዘው ባሰበት። ክንዴ እስኪዝል ታግዬው ከመንገድ ወጣሁና ሣሩ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። ጋሼ ተመልሰው መጡ። መቆጣታቸው ነው ብዬ ስጠብቅ ቁጭ ብለው ላቤ እስኪደርቅ ጠበቁኝ።

“መሪው ሲንቀጠቀጥ አትታገይው” አሉኝ በኋላ። “የነዳጁን ጋን በጉልበትሽ ግጥም አድርገሽ ያዢ፣ እጅሽን ላላ አድርጊ፣ ነዳጁን በቀስታ መልሺ። ራሱ ይረጋል። የሚጥልሽ ድንጋጤሽ ነው።”

ቀየት በተባለ ቦታ አካባቢ ባለች አንዲት ደብር የሚያገለግሉት ቄሱ አባቴ ግን ሞተሩን አልወደዱትም። የቄስ ልጅ ሱሪ ለብሳ ሞተር ላይ ወጣች እየተባለ ሲወራ ጆሯቸው ገብቷል። ተይ አላሉኝም። ቤት ስሄድ ሞተሩን ከአጥሩ ውጪ አቆመዋለሁ፤ እሳቸውም ድምፁን ከወንዝ ማዶ ጀምረው ሲሰሙት ቆይተው፣ “በእግርሽ መጣሽ?” ይሉኛል። “አዎ አባባ” እላለሁ። በዚህ ተስማምተን ኖርን።

አንድ የጥቅምት ጠዋት አባቴ ቤት አድሬ ሳለሁ፣ መርሐቤቴ ያሉት አክስቴ በጠና መታመማቸው በስልክ ተሰማ። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ እናታቸው በልጅነት ስለሞቱባቸው አባቴን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አውቶቡሱ በደብረ ብርሃን ዞሮ ነው የሚሄደው፣ መንገድ ላይ ማደርም አለበት። በቆላው የሚያቋርጠው ጥርጊያ ለመኪና አይመችም፤ ለሞተር ግን ይበቃል። አባቴ ከቅዳሴ ወጥተው ነጠላቸውን ሳይፈቱ አጥሩ ውጪ ድረስ መጡ። ሞተሩን ዞር ዞር ብለው አዩት።

“ይሄ ነገር ሁለት ሰው ይችላል?” አሉኝ።

“ይችላል አባባ።”

ችግር የሆነው ለኋላ ሰው የምይዘው ትርፍ ሄልሜት ነው። በጥምጥም ላይ አልገባ አለ። ያለ ሄልሜት አልወስድዎትም አልኳቸው። አባቴን ከቤት ውጪ ያለ ጥምጥም አይቻቸው አላውቅም። ቀስ ብለው ፈቱት፣ አጣጥፈው ኮሮጇቸው ውስጥ ከቱት፣ በነጩ ቆባቸው ላይ ሄልሜቱን አጠለቅኩላቸው። መቋሚያቸውን ከሞተሩ ጎን በገመድ አሰርኩና ተነሣን።

ደጋውን እንዳለ በደህና ጨረስነው። ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሽ ቀንሼ፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘን አድርጌ ወረድኩ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ወደ ግራ ሳጋድል ሞተሩ እምቢ አለኝ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ገደሉ ጠርዝ ሄደ። እንደ ምንም መለስኩት። ሁለተኛውም ላይ እንደዚያው። ከኋላዬ “እግዚኦ ተሣሃለነ” ሲሉ ይሰማኛል። ቀጥሎ ባለው ኩርባ የኋላው ጎማ ተንሸራቶ ጠርዙ ላይ ከተደረደሩት ድንጋዮች አጠገብ ቆምን። አንዱ ድንጋይ ተፈነቀለ። ወደ ታች እየነጠረ ሲወርድ ለረጅም ጊዜ ይሰማን ነበር።

ወረድን። ሞተሩን በመቆሚያው አስደግፌ ወደ እሳቸው ዞርኩ።

“አባባ፣ እኔ ወደ ግራ ሳጋድል እርስዎ ለምን ወደ ቀኝ ይሄዳሉ?”

“ልንወድቅ ነው ብዬ ነዋ! ላቃናሽ ብዬ።”

“ሲያቃኑኝ እኮ ነው የምንወድቀው።”

ወደ ታች መንገዱን ተመለከቱ። ተራራው ላይ እየታጠፈ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ማለቂያም ያለው አይመስልም። “ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?” አሉኝ።

እስከዚያች ቀን ድረስ ምን ላድርግ የምለው እኔ ነበርኩ።

“ምንም አያድርጉ። በምንታጠፍበት በኩል፣ በትከሻዬ ላይ አሻግረው መንገዱን ብቻ ይዩ። ሰውነትዎ ራሱ ይከተለኛል። እግርዎን ደግሞ ከመርገጫው አያንሱ።”

ትንሽ አሰቡ። “እንደ ዝማሜ ነው በይኛ” አሉ። “መቋሚያ ይዘን ስንዘም ሁሉም ወደ አንድ ጎን ነው የሚያዘነብለው። አንዱ ብቻውን ገትሮ ከቆመ ሰልፉን ያበላሸዋል።”

“እንደሱ ነው አባባ።”

“ታዲያ ቀድሞ እንዲህ አትዪኝም!” አሉና ራሳቸው ቀድመው ወደ ሞተሩ ሄዱ።

የሚቀጥለው ኩርባ ጋ ደረስን። ፍጥነቴን ቀደም ብዬ ቀነስኩ፣ መውጫውን አየሁ፣ ወደ ቀኝ አጋደልኩ። የአባቴ አገጭ በቀኝ ትከሻዬ በኩል ብቅ አለ። ሞተሩ እንደ ውሃ ፈሰሰ። በሚቀጥለውም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም። ቆይቶ ከኋላዬ ዝቅ ያለ ዜማ ሰማሁ፤ ስናጋድል ያስረዝሙታል፣ ስንቃና ያሳጥሩታል። ብርዱ እየለቀቀን፣ ትኩስ የቆላ አየር ከማሽላው እርሻ ሽታ ጋር እየተቀበለን ወረድን።

አክስቴ ቤት ስንደርስ አባቴ ከችኮላቸው የተነሣ ሄልሜቱን ሳያወልቁ ገቡ። አክስቴ አልጋቸው ላይ እንደተኙ ቀና ብለው አዩአቸው።

“አንተ፣ ምን ሆነህ ነው ድስት ደፍተህ የመጣኸው?” አሉ።

ለልቅሶ ተዘጋጅተው የነበሩት ጎረቤቶች በሳቅ ፈረሱ። አክስቴም እየሳሉ ሳቁ። አባቴ ግን ሄልሜቱን እንዳደረጉ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የእህታቸውን እጅ ይዘው አለቀሱ። እኔ ነኝ ቀስ ብዬ ያወለቅኩላቸው። አክስቴ ከዚያ ሕመም ተነሡ። ከዚያ በኋላም ብዙ ክረምት ኖሩ፤ አባቴ በዓል ባለፈ ቁጥር ሊጠይቋቸው ይወርዱ ነበር፤ በሞተር፣ ከእኔ ጋር።

እነዚያን ዓመታት ነው አሁን የምናፍቃቸው። አባቴ በሩቅ ደብር ንግሥ ሲኖር ለቅዳሜ እንድደርስ በስልክ ያዙኛል። ሞተሩም ከአጥሩ ውስጥ፣ ከበጎቹ በረት አጠገብ ማደር ጀመረ። ከኋላዬ መኖራቸውን እስክረሳ ድረስ አብረውኝ ያጋድሉ ነበር። አንዳንዴ ኩርባ አጥፌ ስወጣ፣ “አሁን ትንሽ ቸኮልሽ” ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። መንገድ ላይ ሰው ካገኘን ደግሞ የሚያወሩት ስለ ሞተር ሆነ። ገበያተኞቹም ምእመኖቹም ይስቁባቸዋል፤ እሳቸው ግድ የላቸውም።

በኋላ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ሞተሩ ላይ ለመውጣት ድንጋይ አስጠግቼ፣ ደግፌም ሞከርን፤ አልሆነም። “በቃ፣ አንቺ ብቻሽን ሂጂ” አሉኝ አንድ ቀን፣ ሳይከፋቸው። ከዚያ በኋላ ስመለስ ቡራኬያቸውን ሰጥተውኝ ቁልቁለቱ እንዴት እንደሰነበተ፣ ዝናቡ የትኛውን ኩርባ እንደሸረሸረው ይጠይቁኛል፤ አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ። ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም ዐረፉ። ያገለገሏት ደብር ቅጽር ውስጥ ተቀበሩ።

እኔ ሥራዬ ወደ ቢሮ ተዛውሯል፤ ቀዩ ሞተርም ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። አሁን ወደ ደብረ ብርሃን ስሄድ በሚኒባስ ነው። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ መንገዱ ሲታጠፍ ሰውነቴ ሳላዘው ያጋድላል። አጠገቤ የተቀመጡ ሰዎች እንቅልፍ የወሰደኝ ይመስላቸውና፣ “እህቴ፣ ልትወድቂ ነው” እያሉ በክንዳቸው ቀና ያደርጉኛል። አመሰግናለሁ እልና መንገዱን አያለሁ።