አያ ፈንታሁን ያን ቀን አልተኙም

እናቴ ዛሬ ጠዋት ስትደውል አፉላ አውቶቡስ ጣቢያ ቆሜ ነበር። «አያ ፈንታሁን አረፉ» አለችኝ። እኔ ደግሞ «የትኛው ፈንታሁን?» አልኳት። ሌላ ፈንታሁን አላውቅም።

ትናንት እኮ ደውለውልኝ ነበር። «ነፋሱ ተመልሷል፣ ከሰንበት በኋላ ብዙ ንስሮች ያልፋሉ፣ ውሃ ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ድምፃቸው ደህና ነበር።

ለማታውቋቸው፣ አያ ፈንታሁን ጊቫት ሃሞሬ በሚባለው የአፉላ ሰፈር ጎረቤታችን ነበሩ። ከጎንደር ወደ እስራኤል መጥተው ብዙ ዓመት ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ ወጡ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል በአይሁድ አዲስ ዓመት በሮሽ ሃሻና ሰሞን፣ ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ የሚወርዱትን ንስሮችና ጭልፊቶች ይቆጥሩ ነበር። ከባሕሩ እስከ ዮርዳኖስ በየቦታው ቆጣሪ ይቀመጣል፤ የእኛ ሰፈር ኮረብታ የእርሳቸው ነበር።

እናቴ «ሰው ልጁን ይቆጥራል፣ እርስዎ አሞራ» ትላቸዋለች።

«ልጆቼማ አይበሩም፣ የት ይሄዱብኛል» ይሏታል።

እኔ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ወጥቻለሁ። መጀመሪያ የወጣሁት ወፍ ወድጄ አይደለም። እዚያ ማንም ስለማያናግረኝ ነው። አያ ፈንታሁን አጠገቤ ሦስት ሰዓት ዝም ብለው መቀመጥ ይችሉ ነበር። «ለምን ዝም አልሽ» ብለውኝ አያውቁም።

መቁጠር ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ንስሮቹ ሙቅ አየር ሲያገኙ ተደባልቀው እየዞሩ ወደ ላይ ይወጣሉ። ያኔ ከቆጠርሽ አንዱን ሦስቴ ትቆጥሪዋለሽ። ከላይ ደርሰው ክንፋቸውን ዘርግተው ተራ በተራ ወደ ደቡብ ሲንሸራተቱ ነው የሚቆጠሩት። ስቸኩል «ተይ፣ ይዙሩ። ሲሄዱ እንቆጥራቸዋለን» ይሉኛል። በቀን ሃያ ጊዜ ሳይሉኝ አይቀሩም።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

አምና አንድ ቀን ኩፓት ሆሊም፣ ጤና ጣቢያው፣ የዓይን ቀጠሮ ነበራቸው። ጠቅ የምትለዋን መቁጠሪያና ቆጣሪዎቹ የሚነጋገሩበትን ሬዲዮ ለእኔ ሰጥተው ወረዱ። «መንጋ ካለፈ ቆጥረሽ ለዮሲ ንገሪው» አሉኝ። ዮሲ ከእኛ በስተምዕራብ የሚቆጥር ሰውዬ ነው። ካልተነገረው ነፋሱ ወደ እርሱ የገፋውን ያንኑ መንጋ እርሱም ይቆጥረዋል።

መጡ። ዞሩ፣ ወጡ፣ ተንሸራተቱ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ቆጠርኩ። ሬዲዮውን ወደ አፌ አስጠጋሁት። የማወራው ለዮሲ ብቻ አይደለም፣ ቆጣሪው ሁሉ ይሰማል። ድምፄ አልወጣም። መልሼ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩት።

ወዲያው አያ ፈንታሁን ላብ በላብ ሆነው ደረሱ። «ያለፈ ነገር አለ?»

«ምንም የለም» አልኳቸው።

ደብተሩ ላይ ዜሮ ጽፈው ሳይጨርሱ ሬዲዮው ጮኸ። ዮሲ ነው፣ በዕብራይስጥ። «ፈንታ፣ ከአንተ በኩል የመጣ መንጋ ራሴ ላይ ነው። ቆጥረኸዋል ወይስ እኔ ልቁጠረው? ምነው ዝም አልክ?»

አያ ፈንታሁን መቁጠሪያዋን አነሱ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ትላለች። እርሷን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ሬዲዮውን ተጭነው «ይቅርታ ዮሲ፣ ሬዲዮውን ታቅፌ እንቅልፍ ወስዶኝ ነው። ልጅቷ ግን ቆጥራዋለች፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት» አሉ።

«ጎበዝ ልጅ» አለ ዮሲ።

ዜሮውን ሰርዘው ቁጥሬን ጻፉ። ያላዩትን አንዲት ጭልፊት እንኳ ጽፈው የማያውቁ ሰው ስለ እኔ ዋሹ። ከዚያ ውሃ አቀበሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ዮሲ ጠዋት ጠዋት በሬዲዮ «ፈንታ፣ ነቅተሃል?» ይላቸዋል። ሁሉም ይስቃል። እርሳቸውም «እኔ ነቅቻለሁ፣ የአንተ ማንኮራፋት ግን እዚህ ይሰማል» ይሉታል። እኔ የሩቅ ማያ መነጽሩን ዓይኔ ላይ አድርጌ ምንም የሌለበትን ሰማይ አያለሁ።

ዛሬ በቆጣሪዎቹ ግሩፕ አንዱ «ንስሮቹ ሲያልፉ የተኛው ውዱ ሽማግሌያችን» ብሎ ጻፈ። በፍቅር ነው የጻፈው፣ ገብቶኛል። ግን በዚህ ሊታወሱ አይገባም።

አያ ፈንታሁን አልተኙም። ሬዲዮው የነበረው እኔ ጋ ነው። መናገር ፈርቼ ነው፣ ከዚያም ዋሸሁ። ይህንኑ በዕብራይስጥ ለቆጣሪዎቹ ጽፌላቸዋለሁ። ዮሲ አንብቦታል፣ እስካሁን አልመለሰልኝም።

አያ፣ ዓመት ሙሉ ልነግርዎ አጠገብዎ እየተቀመጥኩ ሳልነግርዎ ቀረሁ። ያውቁ እንደነበር አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከአፌ ሊሰሙት ይገባ ነበር። ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ ሰንበት ሳይገባ ይቀብሩዎታል። እኔ ከኋላ ነው የምቆመው፣ ያውቁኛል። ነገር ግን እዚያ መካከል አንድ ሰው ያን ቀን ተኝተው ነበር ብሎ ሲቀልድ ከሰማሁ፣ ድምፄ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን አልተኙም እላለሁ። ደህና ይሂዱ።