ድንበር ያልገፋው ዕጢ

የእናቴ ጡት ላይ ዕጢ በተገኘ ሳምንት አያት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ቤታችን ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ተሰየሙ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያ ስለሆንኩ የናሙናውን ውጤት በቀላል አማርኛ ላስረዳ ብዬ፣ «ካንሰር ነው፤ ግን ገና ድንበር አልገፋም» አልኩ።

ወላጆቼ መሬታቸው ለቤት ግንባታ እስኪወሰድ ድረስ እዚሁ አካባቢ ገበሬዎች ነበሩ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ድንበር ካልገፋ ጎረቤት ነው። ጎረቤት በቢላ አይቆረጥም» አለችና ቀዶ ሕክምናውን እምቢ አለች። ሐኪሙ ሳይሻገር ይውጣ ብሏል። እኔ በፍርሃት ልሞት ደርሻለሁ፤ አባቴ ሽማግሌ ይጠራል።

ሽማግሌዎቹ ዱሮ የእርሻ ድንበር ሲዳኙ የኖሩ ናቸው። እኔ ከሳሽ ተባልኩ።

«ተከሳሹ ቀርቧል?» አሉ አንደኛው።

እናቴ ወደ ግራ ጡቷ አመለከተች።

«ቀርቧል። ድንበሩ ከምን የተሠራ ነው?»

«ከፕሮቲን ነው፣ አባባ። ኮላጅንና ላሚኒን የሚባሉት ተጠላልፈው የሠሩት ስስ መረብ ነው። ዕጢውን ዙሪያውን ከቦ ይዞታል።»

«የቁልቋል አጥር ይሻል ነበር» አሉ ሽማግሌው።

«መረቡን ነክቷል? ምስክር አለሽ?» አለች እናቴ።

ተናደድኩ። «መረቡን የሚያሟሟ ኢንዛይም ሊያመነጭ ይችላል! አንዴ ከበሳው ደምሽ ውስጥ ገብቶ ሳንባሽ ድረስ ይሄዳል!»

«ይችላል በሚል አይፈረድም» አሉ ሁለተኛው። በገዛ ሳሎናችን ልረታ ነው።

ሦስተኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ጎረቤቴ አንድ ትልም ሲወስድ ምን አለበት ብዬ ዝም አልኩ። በሦስተኛው ዓመት በራፌ ላይ አረሰ። ይሄም ዛሬ ነገ ሳይባል ይነሣ።»

ሁሉም ተስማሙ። እናቴ ግን፣ «እኔም ድንበር ሳልገፋ ነው ‹የልማት ተነሺ› የተባልኩት» አለች። ለካ አልገባትም ስል የከረምኩት እኔው ነኝ ያልገባኝ።

ግን ፍርዱን ተቀበለች። ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲያስገቧት ሐኪሙን እጁን ያዘችው።

«ሥሩን ሳያስቀሩ ያንሡት፣ ዶክተር። አይራሩለት። እኔ ስነሣ ማንም አልራራልኝም።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ በሩ እስኪዘጋ ጠበቅሁና ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።