የተሸፈኑት ሰልፈኞች

ሲያትል ውስጥ ለእሁድ ቅዳሴ የምንከራየው የጥቁር አሜሪካውያንን ቤተክርስቲያን ነበር፤ እኛ በጠዋት፣ እነሱ ከሰዓት። በሴቶች በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ለጥቁር ቤት አይከራይም በሚባልበት ዘመን ሟቹ ፓስተራቸው ምእመናኑን እየመሩ ሰልፍ ሲወጡ የተነሳ ነው። ኮሚቴያችን "ቅዱስ ሥዕል ስላልሆነ በቅዳሴ ሰዓት ይሸፈን" አለ። መጋረጃውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። በየሳምንቱ ቀድሜ ገብቼ በመርፌ ቁልፍ የማያይዘውም እኔው ነበርኩ።

እንደ ፈረንጆቹ በ2012 ክረምት፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጄን የሱቅ ዘበኛ "ሰርቀሻል" ብሎ ያዛት። ቦርሳዋ ተበረበረ፤ ምንም አልተገኘም። አየር ማረፊያው አካባቢ፣ ሲታክ ካለው የሆቴል ሥራዬ በርሬ ደረስኩና "ኢትዮጵያዊት ናት እኮ! እንደነሱ አይደለችም!" ብዬ ጮህኩበት። ያዳንኳት መስሎኝ ኮራሁ፤ እኔ ሞኝ! ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘጋችኝ። አንድ ጠረጴዛ ላይ እየበላን ቃል አይወጣትም። በዚያው እንዳላጣት ፈራሁ።

ነገሩ የጀመረው ያን ሰሞን ነው። እሁድ ንጋት ላይ ልጄን መኪና ውስጥ እንደተኛች ትቼ ገባሁ፣ መጋረጃውን አያያዝኩና ማሞቂያውን ለማብራት ምድር ቤት ወረድኩ። ስመለስ ተከፍቷል። መርፌ ቁልፎቹ በመስኮቱ ደፍ ላይ ተራ ይዘው ተደርድረዋል። በዚያ ድንግዝግዝ ያ ሁሉ ሰው ወደ እኔ የሚራመድ መሰለኝ። በስመ አብ ብዬ መልሼ ሸፈንኩት። በሳምንቱም እንደዚያው ሆነ። ጸበል ረጨሁ። የሞተ ፓስተር በጸበል ይመለስ አይመለስ ግን የማውቀው ነገር አልነበረም።

በሦስተኛው እሁድ ደረጃውን እስከ ግማሽ ወርጄ ተመለስኩ። ጫማ አውልቀን ስለምንገባ ኮቴ አይሰማም። ነጭ የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ መርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይነቅላል። ክው ብዬ ቀረሁ።

ዞር ስትል ልጄ ናት፣ ነጠላዋን ተከናንባ። አልደነገጠችም። መጋረጃውን እስከ ጥግ ከፈተችው። ድሮም ቢሆን በእንግሊዝኛ ብቻ የምትመልስልኝ ልጅ፣ ቃላቱን እየፈለገች፣ በአማርኛ ተናገረች።

"ማሚ፣ እንደነሱ አይደለችም ብለሽ የለ? ከነዚህ ማንን ነው የማልመስለው? አሳዪኝ።"

ጣቴን አነሳሁ። ከፓስተሩ ጀምሬ እስከ መጨረሻዋ ሴት ድረስ አንድ በአንድ አየኋቸው። ጣቴ የሚያርፍበት ፊት አጣሁ።