በቅጠሉ ጫፍ ላይ ያለው ነጭ

ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ባለሱቆች አቧራውን ለማብረድ ደጃቸው ላይ ውሃ ሲረጩ የሚነሳውን የመሬት ሽታ ታውቀዋለህ። ትናንት እዚሁ ድሬዳዋ ከሳቢያን ሰፈር በባጃጅ ስመጣ ያ ሽታ ድንገት አፍንጫዬ ውስጥ ገባና ሹፌሩን "እዚህ ጋ አውርደኝ" አልኩት። መውረጃዬ እኮ ገና ነበር። አባቴ ነው ትዝ ያለኝ።

አባቴ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። ገበያው ዳር አንድ ሰው ብቻ የምታስቀምጥ፣ የሰዓት ዘይት የምትሸት ሱቅ ነበረችው። ዓይኑ ላይ የሚሰካት ትንሽ ጥቁር ሌንስ ነበረችው፤ ሲያወጣት ዓይኑ ዙሪያ ክብ ምልክት ትታ ትሄዳለች። ጋዜጣ የሚያነበው ክንዱን ዘርግቶ ነው። "ፊደሉ ዘንድሮ እየሸሸኝ ነው" ይላል። በሌንሷ ግን የሚያህለኝ የለም ባይ ነበር፤ በእሷ አትምጡብኝ ይል ነበር።

እኔ ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት ሞስን ነው፤ ያንን አፈር ላይ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፈውን፣ አበባ የሌለውን ድንክ አረንጓዴ። ጓደኞቼ "በድሬ ሙቀት ሞስ? አቦ ተይን!" ብለው ስቀውብኛል። ግን አለ። ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው መንገድ፣ ደረቅ የአሸዋ ወንዝ ላይ ካለች ድልድይ ሥር፣ ፀሐይ የማይደርስበት የአፈር ግድግዳ ላይ አገኘሁት። ቡናማ፣ የተኮማተረ፣ ያገለገለ ሻይ ቅጠል የሚመስል ነገር። ከነአፈሩ በቢላ አንስቼ ግማሹን ወረቀት ውስጥ አጠፍኩት። ግማሹን ለአባቴ ወሰድኩለት፤ የዩኒቨርሲቲው ማይክሮስኮፕ ተራው አይደርስም፣ እሱ ግን ሌንስ አለው።

የሰዓት መስታወት ላይ አስቀምጦ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አደረገበት። የተጠማዘዙት ቅጠሎች ዓይናችን እያየ ተፈቱና አረንጓዴ ሆኑ። አባቴ ሌንሷን ከዓይኑ ሳያወጣ፣ ቀስ ብሎ፣ "ሱብሃነላህ" አለ። ከዚያ በኋላማ የዕለት ሥራው ሆነ። ደንበኛ ሲመጣ ሳይቀር "ቆይ፣ አንድ ነገር ላሳይህ" ብሎ ከጀሪካኑ ቀድቶ ሞሱን ያጠጣዋል። ማታ ይደርቃል፣ ጠዋት ደግሞ ያስነሳዋል።

ስሙን ለመለየት የቀረኝ አንድ ነገር ነበር። ቶርቱላ ከሚባለው ወገን ሁለት የሚቀራረቡ ዝርያዎች አሉ፤ አንደኛው ቅጠሉ ጫፍ ላይ ነጭ ፀጉር አለው፣ ሌላው የለውም። ሁለት ሳምንት ቆይቼ ሱቁ ሄድኩ። እኔ በሌንሷ ሳይ ዓይኔ ስለሚያለቅስ እሱን ጠየቅሁት።

"አባባ፣ ጫፉ ላይ ነጭ ነገር ይታይሃል?"

ረጅም ጊዜ አየ። "አለ" አለኝ። "ወላሂ አለ። እንደ መርፌ ጫፍ።"

እኔም ነጭ ፀጉር ብዬ ጻፍኩ።

አማካሪዬ፣ ነገር የማያልፉ ሴትዮ፣ ወረቀት ውስጥ ያቆየሁትን ግማሽ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረጉት። "ነጭ ፀጉር የሚባል ነገር የለም። ማን ነው ያየው?" አሉ። "አባቴ" አልኩ። ከኋላዬ የሆነ ሰው ሳቀ። ከሁለት ቀን በኋላ የማቀርበው ጽሑፍ እንደገና ሊጻፍ ነው።

እኔ ደግሞ ምላሴ ከእኔ ይቀድማል። ቀጥ ብዬ ሱቁ ሄድኩና፣ ጎረቤቱ ስልክ ጠጋኙ እየሰማ፣ "ዓይንህ ካልቻለ አልታየኝም ብትል ምን ነበረበት?" አልኩት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል። አባቴ አልተቆጣም። ሌንሷን አውጥቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረጋትና "እውነትሽን ነው ልጄ" አለ። በሳምንቱ ሱቁን ዘጋ። ሌንሷንና መቆንጠጫዎቹን ለስልክ ጠጋኙ ሰጠው። "የሰው ሰዓት አላበላሽም" አለን።

ሱቁ ሲዘጋ ያቺን የሰዓት መስታወት ከነሞሷ እኔ ወስጃት ነበር። ጽሑፌ አልፎ፣ ተመርቄ፣ ዕቃዬን ከቤተ ሙከራ ሳወጣ፣ እስኪ ብዬ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረግኋት። በየቅጠሉ ጫፍ ላይ ነጭ ነገር አለ። እሱ እንዳለው ነው፣ እንደ መርፌ ጫፍ። አንድ ጠብታ አሲድ ባደርግበት ፈልቶ ጠፋ። ኖራ ነው። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ምን እንደሚጋግር የማያውቅ ሰው አለ? አባቴ በየቀኑ ሲያጠጣው፣ በየቀኑ ሲደርቅ፣ ውሃው ኖራውን ጫፉ ላይ ትቶ ሄዷል። ፀጉር አልነበረም፤ ነጭ ግን ነበረ። አባቴ የነገረኝ ያየውን ነው።

እየሮጥኩ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ሰማኝና "ነበረ በይኛ" አለ፣ ፈገግ ብሎ። ሌንስህን ላስመልስልህ ስለው "ተይው፣ ሰውየው ለምዶባታል" አለኝ። ይቅር በለኝ ማለት ነበረብኝ። አፈርኩና አላልኩም።

አባቴ ከዚያ በኋላ "አየሁ" ብሎ አያውቅም። በር ላይ ሰው ቢቆም እንኳ "ሰው የመጣ ይመስለኛል" ነው። በሕይወት በቆየበት የመጨረሻው ረመዳን ዋዜማ፣ ፀሐይ እንደገባች፣ ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ወጥቶ ጨረቃ ይፈልጋል። ድሮ ቀድሞ የሚያያት እሱ ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ የእሱን ጣት ነበር የሚጠብቀው። ያን ቀን ከሰው ኋላ ቆሞ ጣቱን አላነሳም። ሰዉ "ደመና ነው፣ ዛሬ አትታይም" እያለ መመለስ ሲጀምር ጠጋ አልኩት።

"አባባ፣ ታየችህ?"

"እኔ እንጃ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እዚያ፣ ከመብራት ሽቦው በላይ ትመስለኛለች። እስኪ አንቺ እይልኝ።"

ጣቱን ተከትዬ አየሁ። ቀጭን ሆና፣ እሱ ባለው ቦታ ላይ ነበረች።